ብርሃኑ ስንት ሰዓት ላይ ይገባል?

የመርሳና የውርጌሳ ልጆች፣ የወልድያ ዘመዶቼ፣ እስቲ ቁጭ በሉና ስሙኝ! «ላሊበላን እናውቀዋለን» የምንለው ሁሉ ገና ምኑም አልተነካም። ለገና ወጥተን ተሳልመናል፤ እምነቱን ቋጥረን፣ ጠበሉን ቀድተን ተመልሰናል። ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ቆመንም፣ እኛ ከፊት መስቀሉ ከኋላ ሆኖ ፎቶ ተነስተናል። ያ ፎቶ በየቤታችን ግድግዳ ላይ አለ፤ የጎረቤታችንም ፎቶ ያው እሱ ነው፣ ሰው ብቻ ተለውጦበት። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ሌላ ነገር ነው። ካሜራ (ስልክም ይሁን ግድ የለም) ይዞ፣ የከተማው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ከፊት አስቀድሞ፣ ከጎህ እስከ ምሽት ብርሃንን እየተከተሉ በእግር መዞር ነው። ፈረንጁ ለዚህ ብሎ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኛ ደግሞ እዚሁ ሰሜን ወሎ ተቀምጠን፣ ከወልድያ ወዲያ ያለውን የድልብን ዳገት ለዚህ ብለን አንወጣም። ጉድ አይደለም?

ነገሩ የሚደንቀው ከቦታው አሠራር ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አልተገነቡም፤ ከአለት ተፈልፍለው ወጡ እንጂ። በመጀመሪያ ዙሪያው እንደ ቦይ ይቆፈራል፤ መሐል የቀረው አለት ከጣሪያው ተጀምሮ ወደ ታች እየተጠረበ ይወርዳል፤ ከዚያም በበሩና በመስኮቱ ገብተው ውስጡን ይፈለፍሉታል። አንዳንዶቹ በአራቱም ማዕዘን ከአለቱ ተለይተው ቆመዋል፤ ሌሎቹ በአንድ ጎናቸው ከተራራው ጋር እንደተያያዙ ቀርተዋል። ብቻ አብዛኞቹ ከምድር ወለል በታች ናቸው። ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ባለቤት አይደለችም፤ እንግዳ ናት። አንዱን ማልዳ ትጎበኘዋለች፤ ሌላው ዘንድ እኩለ ቀን ላይ ብቅ ብላ ወዲያው ትወጣለች፤ ሌላውን ደግሞ አመሻሽ ላይ ግንባሩን ብቻ ነክታው ታልፋለች። ጥሩ አስጎብኚ ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። የእኛው፣ «አሁን ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንመለሳለን» ሲለን ሥራ የሚያረዝም መስሎኝ ነበር። ስንመለስ ያው ግድግዳ ሌላ ግድግዳ ሆኖ ጠበቀን!

ይህ ዓይነቱ የካሜራ ጉዞ በሌላው ዓለም፣ እንደ እኛዋ ባሉ የደጋ ከተሞች፣ የቆየ ነው። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲከፍት በመጀመሪያው ዝርዝር የገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ከነዚያ ውስጥ ላሊበላና የስሜን ተራሮች አሉ፤ ኪቶም አለች፣ በአንዲስ ተራሮች መሐል ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው የኢኳዶር ዋና ከተማ። የእኛዋ ላሊበላ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሁለት የደጋ ከተሞች፣ በአንድ ቀን አንድ መዝገብ ላይ! በኪቶም ሆነ በፔሩዋ ኩስኮ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳን በየጠባቡ የድንጋይ መንገድ እየመሩ ማዞር የታወቀ ሥራ ነው። ኩስኮን ለዓለም ያሳየው ፎቶ አንሺ ማርቲን ቻምቢ እ.ኤ.አ. በ1891 የተወለደ የተራራው ገበሬ ልጅ ነበር፤ ፎቶ ማንሳትን ያወቀው በማዕድን ማውጫ አካባቢ ካያቸው የውጭ ሰዎች ነው። ከእሱ በፊትም ኩስኮን ያነሱ ብዙ ነበሩ። የእሱን ፎቶዎች ግን አንዴ ያየ አይረሳቸውም፤ ሰዎቹ የሚያዩት ባዕድን ሳይሆን የራሳቸውን ሰው ነውና። የላሊበላ ልጅ እየመራኝ ስሄድ በተደጋጋሚ የታሰበኝ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ጠዋቱ ልውሰዳችሁ።

ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ (ጋቢ ያልያዘ እንደ እኛ ያለ የሀብሩ ሰው ወዮለት!) ወደ ቤተ ማርያም ወረድን። ከአጥሩ ጀምሮ ነጭ ብቻ ነው። ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጥምጥም። አንዱ ግንባሩን ከግድግዳው ላይ አስደግፎ ያነበንባል፤ አንዲት እናት ደጀ ሰላሙን ተሳልመው ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ዲያቆኑ ጥና ይዞ ሲያልፍ ጭሱ በጠባቧ በር በገባችው የመጀመሪያ ጨረር ውስጥ ይጠመዘዛል። እጄ ወደ ካሜራው ሮጠ። አስጎብኚያችን ግን በጣቱ ነካ አደረገኝና፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ በዓይንዎ ይጥገቡ፤ ሰዎቹ የመጡት ለጸሎት ነው» አለኝ። ቀጠለናም አንድ ቄስ ዘንድ ቀርቦ ጎንበስ አለ፦ «አባ፣ ይፍቱኝ። እኚህ እንግዶች ከሀብሩ ነው የመጡት፤ ከጸሎቱ በኋላ አንድ ፎቶ ቢፈቅዱላቸው?» አባም «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩት፤ እኛንም አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ፎቶ ላይ አባ ያ ፈገግታ አላቸው። ገንዘብ ከፍሎ የሚገኝ ፈገግታ አይደለም!

እዚያው የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ ስልክ ላላችሁም ይሠራል። ነጭ የለበሰ ሰው በጠቆረ አለት ፊት ሲቆም ካሜራው ይታለላል። ጨለማውን አይቶ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጠላው ይነድና ጥለቱ ይጠፋል፣ ፊቱም ይገረጣል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስልካችሁ ላይ ነጩን ነካ አድርጉት፤ ከዚያ ብርሃኑን በጣታችሁ ወደ ታች ጎትቱት። አለቱ ይጥቆር፣ ተዉት! ጥለቱ ግን ክር በክር ይወጣል። በዚህች አንዲት ነገር ብቻ የዘመድ ሰርግ ፎቶዎቼ ሁሉ ይድኑ ነበር።

ቤተ ማርያም ውስጥ ቀና ብላችሁ እዩ። ጣሪያውና ቅስቱ በሥዕል ተሸፍኗል፤ እንስሳት፣ አዕዋፍ፣ ሐረግ፣ መስቀል። መሐል ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ዓምድ አለ፤ የብርሃን ዓምድ ይባላል። ያለፈውና የሚመጣው ሁሉ ተጽፎበታል ይላሉ፤ ማንም አይገልጠውም። እስቲ አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስናሳድድ ውለን፣ ብርሃን የተባለው ራሱ ተሸፍኖ ቆሟል። ፍላሽ እዚህ ጨርሶ አይበራም፤ ለሥዕሎቹም አይበጅም። ካህናቱ ጥቁር መነጽር አድርገው የከበሩ መስቀሎችን ሲያሳዩ ያየ ሰው ይስቃል። ለዓመታት የቱሪስት ፍላሽ ዓይናቸውን ሲያቃጥለው ነው መነጽሩ የመጣው፤ አሁን ከነመነጽራቸው ተነስተው የዓለም መጽሔት ላይ ይወጣሉ።

ቤተ መድኃኔዓለም ላይ ስንደርስ አብሮኝ የነበረው የመርሳ ጓደኛዬ አፍንጫውን ነፋ። እውነቱን ነው፤ ከላዩ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተተከለው ትልቅ መጠለያ ከነብረት ምሰሶው ቆሟል። ዝናቡን ለመከላከል ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነው፤ ጊዜው አላልቅ ብሏል። ለዓይን አይማርክም፤ እኔም አልወደውም፣ ይነሳ ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን አስጎብኚው «ምሰሶውን ትታችሁ ጥላውን እዩ» አለን። አየን! ብርሃኑ በነጠላ እንደተጣራ ሆኖ ይወርዳል፤ በእኩለ ቀን እንኳ ጥቁርና ነጭ ሳይጋጩ፣ በዙሪያው የተደረደሩት ዓምዶች አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዓለም ትላልቅ ወጥ የአለት ሕንፃዎች አንዱን፣ ከ33 ሜትር ከፍ ያለ ርዝመት ያለውን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያለ ጥላ ጭቅጭቅ ማንሳት የሚቻለው በዚያ ባስቀየመን መጠለያ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀትሩን እዚያ፣ ጠዋትና ማታውን ሌላ ቦታ። ይኼን ማን ይነግራችሁ ነበር?

ከዮርዳኖስ ወንዝ ወዲያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ብዙ አልቆይባችሁም፤ እናንተው ሄዳችሁ እዩት። ቤተ አማኑኤል ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ግድግዳው የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግንባታ አስመስሎ በወጣ ገባ መስመር ተጠርቧል፤ እንጨት በሌለበት የእንጨት መልክ! በዚያው ወገን ሲኦል የሚባል የጨለማ ዋሻ አለ። ባትሪ ማብራት ክልክል ነው፤ ክልክል ያደረገው አስጎብኚው ነው። በግራ እጅ ግድግዳ እየዳሰስን፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ ከፊታችን የነበሩ አንዲት እማማ «አይዟችሁ ልጆቼ» እያሉን ወጣን። መውጫው ላይ ዓይን ብርሃን ሲቀበል ያለውን ስሜት በፎቶ ማስቀረት አልቻልኩም፤ የሚቻል መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ቀትር ሲያልፍ ጉዞው ከአብያተ ክርስቲያናቱ ወጥቶ ወደ ከተማው ይገባል። ብዙ ጎብኚ የሚያመልጠው ይህ ነው። የላስታ ክብ የድንጋይ ቤት፣ ባለ ፎቁ፣ ከውጭ ደረጃ ያለው፣ ክዳኑ ሣር የሆነው፣ ቀይ ድንጋዩ ከሰዓት በኋላ ሲሞቅ ልክ ከውስጥ እሳት የነደደበት ይመስላል። ቅዳሜ ከሆነ ደግሞ ገበያው አለ፦ ከየቀበሌው አህያውን እየነዳ የሚወርደው ሰው፣ ጤፉ፣ ማሩ፣ አቧራው በጀርባ ብርሃን ወርቅ ሆኖ ሲነሳ። እዚህ ላይ የእኛ ሰው መሆን ይጠቅማል። ፈረንጅ በሩቅ ሌንስ ሰርቆ ያነሳል፤ እኛ ግን «እንዴት ዋላችሁ? እህሉ እንዴት ነው ዘንድሮ?» ብለን እንጀምራለን። እኔ ከአንዲት ማር ሻጭ እናት ጋር ስለ ሀብሩ ማሽላ ስናወራ ካሜራዬን ረሳሁት። ያን ጊዜ ነው ጓደኛዬ፣ ሙስሊም ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን ፎቶ ብዙም ግድ አልነበረውም፣ የቀኑን ምርጥ ፎቶ ያነሳው፦ እሳቸው በማር የተለወሰ ጣታቸውን ወደ አፌ ሲያቀርቡ፣ እኔ ደግሞ እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ። አስጎብኚው እንኳ አይቶ «ይኼን ላኩልኝ» አለ። ምሽት ላይ ጠጅ ቤት ገብተንም ትምህርቱ አላበቃም፤ ጠጅ የተሞላ ብርሌ አምፖል ፊት ሲያዝ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ? አልነግራችሁም።

ከዚያ በፊት ግን ቤተ ጊዮርጊስ። ወይ ቤተ ጊዮርጊስ!

ሁላችንም የምናነሳው ከላይ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለውን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጸውን መስቀል። አስጎብኚው ግን መጀመሪያ ከላይ አላቆመንም። በቦዩ ወደ ታች ወሰደን፤ 12 ሜትር ያህል ጥልቅ ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል በሩ ያለበት የምዕራቡ ግንባር ይሞቃል። አለቱ ላይ የበቀለው ቢጫ ሽበት እንደ ሥዕል ቀለም ይፈካል። በግድግዳው ጉድጓዶች ውስጥ የጥንት ተሳላሚዎች አጽም አርፏል፤ ካሜራችንን ዝቅ አድርገን አለፍን። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው የሚባለውንም አሳየን። አስጎብኚው ወደ ወሰደን ማዕዘን ስንደርስ ግን፣ «ፊት ለፊት አትዩት፤ በጎን ቁሙ» አለን።

በጎን ቆምን። ፀሐይዋ ግድግዳውን በአግድም እየዳበሰች ነበር። እና በዚያ ብርሃን ብቻ፣ ፊት ለፊት ሲታይ ልሙጥ በሚመስለው አለት ላይ፣ የመጥረቢያው ምት ሁሉ ወጣ! አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ፣ ሺ ምት፣ እያንዳንዱ ትንሽ ጥላ ይዞ። አንዳንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ አንዳንዱ የደከመ ክንድ የመታው የሚመስል። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ አልፎታል፤ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ግድም፣ አንድ የላስታ ሰው እዚህ ቆሞ ክንዱን አንስቶ አሳርፏል። ቀን ሰው ሌሊት መላእክት ሠሩት ይባላል። የሌሊቱን ምት መለየት አልቻልኩም፤ የቀኑን ግን በካሜራዬ ይዣለሁ። ግድግዳውን ፊት ለፊት ካነሳሁት ፎቶ ጎን ሳስቀምጠው ሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ይመስላሉ። ይህን እንድናይ ያደረገን ውድ ካሜራ ሳይሆን አንድ ሰዓትና አንድ ማዕዘን የሚያውቅ ሰው ነው።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ እዚህ መጥቶ ያየውን ሲጽፍ፣ የሚያምነኝ የለም ብሎ መጻፉ እንደሰለቸው ገልጿል። ካሜራ ቢኖረው ኖሮ! ካሜራ ወደ ደጋችን ዘልቆ የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ነበር። ወሎን መጀመሪያ በፎቶ ካስቀሩት መካከል ወራሪዎች አሉበት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም ብዙዎች መጥተው አንስተውናል፤ ጥሩ አድርገው ያነሱንም አሉ። አሁን ተራው የማን እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ስለ አስጎብኚዎቹ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በመጀመሪያ ኮሮና መጣ፤ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋን አጥለቀለቃት፤ የእኛንም ቀዬ እንዲሁ። ሰላሙ ዛሬም ሙሉ አይደለም። ሆቴሎች ጭር ብለው፣ በእንግዳ የሚኖሩ ቤተሰቦች ተቸግረዋል፤ ፈረንጅ ካልመጣ ሥራ የለም ይላሉ። እኛስ? የወልድያ መምህር፣ የመርሳ ነጋዴ፣ የውርጌሳ ፎቶ ቤት ያለው ወጣት ለምን እንግዳ አይሆንም? ስትሄዱ ፈቃድ ያለውን የከተማውን አስጎብኚ ያዙ፤ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን በግልጽ ተነጋገሩ፤ «ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት፣ ብርሃኑን አሳየኝ» በሉት። ዓይኑ ሲበራ ታያላችሁ። «ለአገሬ ሰው» ብሎ ቢቀንስላችሁ እንኳ አትቀበሉ፤ ሙሉውን ክፈሉት።

መቼ ልሂድ ካላችሁ፣ ገናን አልቃወምም። ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ካህናቱ ከማሜ ጋራ ላይና ከቤተ ማርያም ግቢ ታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉ የሚታየውን ነገር የሚያህል በዚህ ምድር የለም። ነገር ግን ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ቦታ ለመያዝ ማደር ያስፈልጋል፤ የብርሃን ትምህርቱንም ረጋ ብሎ የሚሰጣችሁ የለም። የመጀመሪያውን ጉዞ በጥቅምት አድርጉት። ዝናቡ አየሩን አጥቦት ሄዷል፣ አቧራ ገና አልተነሳም፣ ተራራው እስከ አቡነ ዮሴፍ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። መንገዱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከወልድያ በቻይና መንገድ እስከ ጋሸና፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፋችሁ 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ካልሲ ወፍራም። ነጠላ ያዙ፤ ትራይፖድ ግን ቤታችሁ ተዉት፣ ምዕመኑን ያደናቅፋል። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታነሱ፤ ለካሜራም የሚከፈል ካለ በር ላይ ጠይቁ። የስልካችሁን ማኅደር ደግሞ ከወዲሁ አጽዱ፤ ያን ሁሉ የሰርግ ቪዲዮ ይዛችሁ ቤተ ጊዮርጊስ ላይ «ቦታ የለም» ቢላችሁ የምታደርጉት ይጠፋችኋል።

እኔና የመርሳው ጓደኛዬ ጥቅምት ላይ ተመልሰን እንሄዳለን፤ አስጎብኚውም የዚያን ጊዜው ብርሃን ከአሁኑ እንደሚለይ ነግሮናል። ሚኒባሱ ላይ ጥቂት ቦታ አለ። ከውርጌሳ ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን፤ መርሳ ላይ የምትሳፈሩ መናኸሪያው በር ቁሙ፤ የምትመጡ ቻርጀራችሁን አትርሱ።